ሶየር፦ ውሃውን የመሩት ሰዎች የት ሄዱ?

ዛሬ በዚህ ዓምድ የምናቀርብላችሁ ቤተሰብ ከኢፍጣር በኋላ ተሰብስቦ ሊያነበው የሚችል የጉዞ ማስታወሻ ነው። ሻዕባን ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው ሁለት ቤተሰብ ሆነን ከነልጆቻችን ወደ ሶየር ሄድን። ሶየር የስፔን ግዛት በሆነችው በሜዲትራኒያኗ ደሴት በማዮርካ፣ በሰሜን ምዕራብ ጠረፍ በኩል የምትገኝ ትንሽ ከተማ ናት። ዙሪያዋን ተራራ ከቦአታል፤ ሸለቆው ወደ ባሕር የሚከፈተው በአንድ በኩል ብቻ ነው። ነዋሪዎቿ 14 ሺህ ገደማ ይሆናሉ። (ዓመተ ምሕረቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍናቸው፤ በሂጅራ ሲሆን ለይተን እንናገራለን።)

ማዮርካ ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው አሸዋውንና ሆቴሉን ነው። በበጋ የአውሮፓ ሰው ሁሉ የሚጎርፍባት ደሴት ናት፤ በዚያ ወቅት ለሙስሊም ቤተሰብ የባሕር ዳርቻዋን አንመክርም። እኛን ወደዚያ የሳበን ግን የባሕሩ ዳርቻ አይደለም። ይህች ደሴት ከ300 ዓመት በላይ የሙስሊሞች አገር ነበረች። ያኔ ስሟ ማዩርቃ ነበር። የእነዚያ ሰዎች መስጊዶች አንድም የቆመ የለም ማለት ይቻላል፤ የእጃቸው ሥራ ግን በሶየር ሸለቆ ውስጥ እስከ ዛሬ ያጠጣል፣ ያበቅላል። ልጆቻችን ይህንን በዓይናቸው እንዲያዩት ፈልገን ነው የሄድነው።

ከደሴቲቱ ዋና ከተማ ከፓልማ ወደ ሶየር በመኪናም ይኬዳል፤ ልጅ ያለው ሰው ግን ባቡሩን ይያዝ። በ1912 ሥራ የጀመረው ይህ ባቡር ዛሬም ፉርጎዎቹ የእንጨት ናቸው፤ 27 ኪሎ ሜትሩን በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። መጀመሪያ ሜዳውን በአልሞንድ ዛፎች መካከል ያቋርጣል። በየካቲት ዛፎቹ ቅጠል ሳያወጡ ነጭና ሮዝ አበባ ለብሰው ይታያሉ። ከዚያ ተራራው ፊት ለፊት እንደ ግድግዳ ይገተራል። ባቡሩ 13 ዋሻዎችን ያልፋል፤ ረጅሙ ወደ ሦስት ኪሎ ሜትር ይጠጋል፤ ልጆች በጨለማው ውስጥ ሲጮሁ ትልልቆቹም አብረው ይጮኻሉ። ከዋሻው ሲወጣ ሸለቆው ከታች ይታያል፤ አረንጓዴ፣ በውስጡ ቢጫ ነጠብጣብ የተረጨበት። ቢጫው ብርቱካንና ሎሚ ነው።

ባቡሩ ከመሠራቱ በፊት ለሶየር ሰው ተራራውን ተሻግሮ ፓልማ ከመሄድ በመርከብ ፈረንሳይ መሄድ ይቀለው ነበር ይባላል። እውነትም ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት ብርቱካናቸውን በጀልባ ጭነው ማርሴይና ሴት ወደተባሉት የፈረንሳይ ወደቦች ይወስዱ ነበር። ብዙዎቹ እዚያው ቀርተው የፍራፍሬ ነጋዴ ሆኑ፤ ገንዘብ ይዘው የተመለሱት ደግሞ በከተማዋ ያማሩ ቤቶችን ሠሩ፤ ለባቡሩም መዋጮ አወጡ። ከከተማዋ እስከ ወደቡ ድረስ ያለውን አምስት ኪሎ ሜትር የማይሞላ መንገድ ከ1913 ጀምሮ የሚመላለስ ትራም አለ፤ በብርቱካን እርሻዎች መካከል ነው የሚያልፈው። ለመኪና ተራራውን የሚበሳው መሿለኪያ የተከፈተው በ1997 ነው። እስከዚያ ድረስ ሶየር ከገዛ ደሴቷ ተነጥላ የኖረች ከተማ ነበረች ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የአስጎብኚ መጽሐፎች ሶየር የሚለው ስም ከዓረብኛ መጥቶ «የወርቅ ሸለቆ» ማለት ነው ይላሉ። እኛ አልተቀበልነውም። ወርቅ በዓረብኛ ዘሃብ መሆኑን መድረሳ የገባ ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ሸለቆም ዋዲ ነው። ስሙ በድሮ መዝገብ ላይ ሱሊያር ተብሎ መጻፉ እውነት ነው፤ ወርቁን የጨመረበት ቱሪዝሙ ነው።

ወርቅ ባይሆንም ውሃ አለ። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ።

የትራሙንታና ተራሮች ከባሕር የሚመጣውን ዝናብ ይዘው ያስቀራሉ፤ የደሴቲቱ ደቡብ ደረቅ ሆኖ ሶየር የምትለመልመው ለዚህ ነው። ተራራው የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ዝናቡን ወደ ውስጥ ይጠጣዋል፤ ከዚያ ግርጌው ላይ በምንጭ መልክ ይተፋዋል። ችግሩ ሜዳ የለም። ተዳፋቱ ላይ አፈር አይቆምም፤ ክረምት የመጣው ጎርፍ ጠርጎት ይሄዳል። ስለዚህ ሰዎቹ ተራራውን በእርከን ከፋፈሉት። ካቡ ያለ ጭቃ፣ ያለ ኖራ፣ ያለ ሲሚንቶ፣ ድንጋይ በድንጋይ ላይ እየተገጠመ የተሠራ ነው። ትንሽ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፤ ከኋላው ጠጠር ይሞላበታል። ማያያዣ አለመኖሩ ድክመት ሳይሆን ብልሃት ነው፤ ዝናብ ሲመጣ ውሃው በድንጋዮቹ መካከል ሰርጎ ይወጣል፣ አፈሩ ግን ይቀራል። በሲሚንቶ የታሰረ ግድግዳ ቢሆን ከኋላው የተጠራቀመው ውሃ ገፍቶ ይጥለው ነበር።

ከካቡ ሥር ቦይ አለ። ቦዩን ተከትለን ከከተማዋ በእግር ግማሽ ሰዓት ያህል ወጥተን ቢኒያራይሽ የምትባል መንደር ደረስን። ድንጋይ በተነጠፈባቸው ጠባብ መንገዶች ውስጥ አንድ አደባባይና አንድ ቡና ቤት ያላት ትንሽ ቦታ ናት። ስሟን ስንሰማ ከእኛ መካከል ዓረብኛ የተማረው ጓደኛችን ቆም አለ። «ቢኒ» የሚለው «በኒ» ነው፤ የእከሌ ልጆች፣ የእከሌ ወገን ማለት። በኒ ኢስራኢል፣ በኒ ሃሺም እንደምንለው። በማዮርካ በቢኒ የሚጀምር የቦታ ስም በየአቅጣጫው ይገኛል። አንድ ጎሳ ወይም አንድ ቤተሰብ በአንድ ምንጭ ዙሪያ ሰፍሮ፣ ምንጩን በጋራ መርቶ፣ በጋራ ያርስ እንደነበር ታሪክ አጥኚዎች የሚረዱት ከእነዚህ ስሞች ነው። ዛሬ በመንደሯ የዚያ ወገን አንድ ሰው የለም። የቀረው ስሙ ነው።

ስሞቹ ግን ይናገራሉ። በደሴቲቱ የሚነገረው የካታላን ቋንቋ ነው፤ ገበሬው ስለ ውሃ ሲያወራ ግን ሳያውቀው ዓረብኛ ያወራል። ቦዩን ሴኪያ ይለዋል፤ ዓረብኛው ሳቂያ ነው። ውሃ የሚጠራቀምበትን ገንዳ ሳፋሬጅ ይለዋል፤ ሲህሪጅ ከሚለው። የወይራ ዘይት መጭመቂያ ቤቱን ታፎና ይለዋል፤ ጣሑና፣ ወፍጮ ማለት ነው። የዝናብ ውሃ የሚቀመጥበትን ጉድጓድ አልጁብ ይለዋል፤ ይሄኛውን ከእኛ ጋር የነበረችው የ11 ዓመት ልጅ ራሷ አገኘችው። ሱረቱ ዩሱፍን ሐፍዛለች፤ ወንድሞቹ ነቢዩላህ ዩሱፍን (ዐ.ሰ) የጣሉበት ጉድጓድ በቁርኣን የተጠራው በዚሁ ቃል፣ ጁብ ተብሎ ነው።

እኛ ደግሞ የራሳችንን አገኘን። ብርቱካንን ካታላኖች ታሮንጃ ይሉታል። ቃሉ የመጣው ቱሩንጅ ከሚለው ዓረብኛ ነው፤ ይህም ራሱ ከፋርስ የመጣ ነው። ቱሩንጅ ደግሞ በአማርኛ ትርንጎ ሆኖ ገባ! የሶየር ገበሬ ለብርቱካን የሚጠቀምበትና እናቶቻችን ለዚያ ትልቅ፣ ወፍራም ልጣጭ ላለው መዓዛማ ፍሬ የሚጠቀሙበት ቃል አንድ ነው ማለት ነው። በሀዲስ ቁርኣንን የሚቀራ ምእመን መዓዛውም ጣዕሙም ባማረ ኡትሩጃ መመሰሉን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ ኡትሩጃም ይኸው ትርንጎ ነው። በአንጻሩ እኛ ብርቱካን የምንለው በዓረብኛው ቡርቱቃል በኩል ከፖርቱጋል ስም የተገኘ ነው። ሎሚ፣ ዘይት፣ ስኳር፣ ሩዝ የሚሉትም በስፓኒሽ ሊሞን፣ አሴይቴ፣ አሱካር፣ አሮስ ሆነው ቁጭ ብለዋል፤ ሁሉም በዓረብኛ በኩል ያለፉ ናቸው። ገበያ ላይ ይህንን ከልጆች ጋር መጫወት ከማንኛውም ሙዚየም የበለጠ ነበር።

አንድ ነገር ግን አስተካክለን እንለፍ። ሶየርን ዛሬ ያስከበራት ጣፋጩ ብርቱካን በሙስሊሞቹ ዘመን አልነበረም። እነርሱ ያመጡት ኮምጣጣውን ብርቱካን፣ ሎሚውንና ትርንጎውን ነው። ጣፋጩ በኋላ በነጋዴዎች እጅ ከእስያ መጣ። እርከኖቹም ሁሉ የእነርሱ አይደሉም፤ ከእነርሱ በኋላ የመጡት ገበሬዎች ለብዙ መቶ ዓመታት ሲጨምሩበት ኖረዋል። የሙስሊሞቹ የሆነው ዋናው ነገር ውሃውን የመምራት ጥበቡ ነው፤ ዩኔስኮም የትራሙንታናን ተራሮች በ2011 በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ የጠቀሰው ይህንን ነው። በዚያው ዓመት፣ በዚያው መዝገብ ላይ የእኛው የኮንሶ እርከኖች ገብተዋል። ኮንሶን ያየ ሰው ሶየር ሲደርስ ካቡን አይቶ አይደነቅም፤ ይህን ሥራ አውቀዋለሁ ይላል።

ሙስሊሞች ወደዚህች ደሴት የመጡበት ታሪክ ራሱ ለረመዳን ምሽት የሚሆን ነው። ኢብኑ ኸልዱን እንደጻፈው፣ ዒሷም አል-ኸውላኒ የተባለ የአንዳሉስ ሰው ለሐጅ በመርከብ ሲጓዝ ማዕበል ገፍቶ ማዩርቃ ላይ ጣለው። ነፋሱ እስኪረጋጋ ድረስ እዚያ ቆየ፤ አገሩን አየ፤ ወደደው። ከሐጅ ሲመለስ ለኮርዶባው አሚር ለዐብደላህ ነገረው። አሚሩም ጦር ሰጥቶ ላከው፤ በ290 ዓመተ ሂጅራ፣ ማለትም በ902 ወይም 903፣ ደሴቲቱ በሙስሊሞች እጅ ገባች። ዒሷምም ገዥዋ ሆኖ መስጊዶችን፣ የእንግዳ ማረፊያዎችንና መታጠቢያ ቤቶችን ሠራ። ለሐጅ የወጣ ሰው በማዕበል ተገፍቶ አገር አገኘ።

ከዚያች ትንሽ ደሴት ዓሊሞች ወጥተዋል። የሁሉም የበላይ ልንለው የምንደፍረው ሙሐመድ ኢብኑ ፉቱሕ አል-ሑመይዲ ነው። በ420 ዓመተ ሂጅራ ገደማ ማዩርቃ ተወለደ፤ የታላቁ ኢብኑ ሐዝም ተማሪ ነበር፤ ኢብኑ ሐዝምም ራሱ ደሴቲቱ ላይ ኖሯል። አል-ሑመይዲ በኋላ ወደ ምሥራቅ ተጓዘ፤ ባግዳድ ተቀመጠ፤ በ488 ዓመተ ሂጅራ እዚያው ሞተ። ሰሒሕ አል-ቡኻሪንና ሰሒሕ ሙስሊምን አንድ ላይ ያሰባሰበው «አል-ጀምዑ በይነ አስ-ሰሒሐይን» የእርሱ ሥራ ነው። ኡስታዞቻችን ስሙን ሲጠሩ የሰማችሁ ትኖራላችሁ፤ የማዮርካ ልጅ መሆኑን ግን ብዙ ሰው አያውቅም።

ቡኻሪና ሙስሊም ከተስማሙባቸው ሀዲሶች አንዱ የቦይ ጉዳይ ነው። ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) እና አንድ የመዲና ሰው በመስኖ ውሃ ተካሰው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዘንድ ቀረቡ። የዙበይር ማሳ በላይ፣ የሰውዬው በታች ነበር። ረሱልም (ሰ.ዐ.ወ) መጀመሪያ ዙበይር እንዲያጠጣና ውሃውን ወደ ጎረቤቱ እንዲለቀው ፈረዱ። የሀዲሱን ቀሪ ክፍል ከዓሊሞች ስሙት። እኛ ቢኒያራይሽ ላይ ቦዩ ዳር ተቀምጠን ያሰብነው፣ አል-ሑመይዲ ይህን ሀዲስ በባግዳድ ሲጽፍ የአገሩ ቦዮች ትዝ ብለውት ይሆን እያልን ነው። በላይ ያለው፣ በታች ያለው፣ መዝጊያውን የሚከፍተው፣ ተራ የሚጠብቀው፤ በመስኖ አገር ያደገ ሰው ይህን ፍርድ ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። በእኛም አገር በወሎና በሸዋ ቆላዎች ተራውን የሚያከፋፍል «የውሃ አባት» የሚባል ሰው አለ።

ታዲያ እነዚያ ሰዎች የት ሄዱ?

በ1229 የአራጎኑ ንጉሥ ቀዳማዊ ጃውሜ፣ የ21 ዓመት ወጣት ሆኖ፣ በመርከብ መጥቶ ደሴቲቱን ወረረ። የዚያን ጊዜዋ መዲና ማዩርቃ፣ የዛሬዋ ፓልማ፣ የተያዘችው ታኅሣሥ 31 ቀን ነው። ብዙ ሕዝብ አለቀ። ከሞት የተረፉት ወደ ትራሙንታና ተራሮች ሸሽተው እስከ 1232 ድረስ የተከላከሉ አሉ። ከዚያ በኋላ ከፊሉ ባሪያ ሆነ፤ ከፊሉ ወደ ሰሜን አፍሪካ ተሰደደ፤ ከፊሉ እስከ 1287 በሙስሊም እጅ ወደቆየችው ጎረቤት ደሴት ወደ ሜኖርካ ተሻገረ። የቀረው በጊዜ ሂደት ሃይማኖቱንም ስሙንም ቋንቋውንም አጣ። አሸናፊዎቹ መሬቱን ሲከፋፈሉ ያዘጋጁት መዝገብ በላቲንና በዓረብኛ የተጻፈ ነው፤ የማሳውና የመንደሩ ስም ያው የቀድሞው ነበርና። አዲሶቹ ባለ መሬቶች ቦዮቹን አላፈረሱም፤ ለማፍረስ ሞኝ መሆን ያስፈልጋል። ስሞቹንም እንዳሉ ተዉአቸው።

የሽንፈቱን ታሪክ ከሙስሊሞች ወገን የጻፈው የአንዳሉሱ ኢብኑ ዐሚራ አል-መኽዙሚ ነው። መጽሐፉ ለመቶ ዓመታት ጠፍቷል ተብሎ ከኖረ በኋላ በዚህ በያዝነው መቶ ዓመት መጀመሪያ በአልጀሪያ በረሃ፣ በቲንዱፍ ካለ ቤተ መጻሕፍት ቅጂው ተገኝቶ ታትሟል።

ይህን ሁሉ ለልጆች ማስረዳት ከባድ ነው። የበለጠ ከባድ የሆነብን ግን የግንቦቱ በዓል ነው።

ግንቦት 11 ቀን 1561 የአልጀሪያና የኦቶማን የባሕር ወንበዴዎች ሶየር ላይ ወረዱ፤ ቁጥራቸው ወደ 1,700 ይደርስ ነበር ይባላል። ቤት ዘረፉ፣ ሰው ማረኩ። የከተማዋ ሰዎች ግን ተዋግተው መለሷቸው። ሁለት እህትማማቾች በበር መቀርቀሪያ ወራሪ እንደገደሉ ይተረካል፤ እስከ ዛሬ ጀግና ይባላሉ። ሶየር ይህንን ቀን «ኤስ ፊሮ» ብላ በየዓመቱ ግንቦት ላይ ታከብራለች። ግማሹ ሰው የገበሬ ልብስ፣ ግማሹ የ«ሞሮ» ልብስ ይለብሳል፤ ወደቡ ላይ በባሩድ ጩኸት ይዋጋሉ፤ ሞሮዎቹ ይሸነፋሉ። ከሞሮዎቹ መካከል ፊታቸውን ጥቁር የሚቀቡ አሉ። በከተማዋ በየቦታው የበዓሉ ፎቶግራፍ ተሰቅሏል፤ ልጆቻችን አይተውት ጠየቁን። ቦዩን የቆፈሩት ሰዎች እነዚህ ናቸው ወይ አሉን።

አይደሉም። በመካከላቸው 332 ዓመት አለ። በ1561 የመጡት ወንበዴዎች ነበሩ፤ የመጡትም ሰው ይዘው ለመሸጥ ነው። ሙስሊም ስለሆኑ ብቻ ለእነርሱ ጠበቃ መቆም የለብንም፤ ቤቷን ለመከላከል መቀርቀሪያ ያነሳችው ሴት መብቷ ነበር። በዚያው ዘመን በፓልማ ሙስሊሞች በባርነት ይሸጡ ነበር፤ በአልጀርስም ክርስቲያኖች። ታዋቂው የስፔን ደራሲ ሴርቫንቴስ ራሱ ከ1575 እስከ 1580 በአልጀርስ ምርኮኛ ነበር። ክፋቱ የሁለቱም ወገን ነው። ለልጆቹ የነገርናቸው ይህንን ነው። ነገር ግን አንድ ከተማ ስለ ሙስሊሞች በየዓመቱ ጮክ ብላ የምታስታውሰው አንድ የወረራ ቀን ብቻ ሆኖ፣ በየዕለቱ የምታጠጣበትን ቦይ የቆፈሩትን ግን የሚያስታውስ አንድም ቀን ከሌላት፣ ይህ ትክክል ነው ለማለት አንችልም። ፊት ማጥቆሩንም አልወደድነውም።

የዚያን ዘመን ፍርሃት በከተማዋ አቀማመጥ ላይ ጭምር ይታያል። ሶየር ከባሕሩ ሦስት ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ውስጥ ገብታ የተሠራችው ለዚህ ነው፤ ወደቡ ላይ ለብዙ ዘመን የሚያድር ሰው አልነበረም ማለት ይቻላል።

ጊዜ ያለው ቤተሰብ ከመሿለኪያው ወዲህ፣ በፓልማ በኩል ያለውን የአልፋቢያን የአትክልት ቦታ ቢያይ ጥሩ ነው። ውሃ፣ ጥላና ቴምር ዛፍ ይገኝበታል። በመግቢያው ጣሪያ ላይ ያለው የእንጨት ሥራ አላህን የሚያወድስ የዓረብኛ ጽሕፈት ተቀርጾበታል፤ ከ1229 በፊት ነው የሚሉም፣ ከዚያ በኋላ በሙስሊም አናጺዎች እጅ የተሠራ ነው የሚሉም አሉ። በፓልማ ደግሞ 12 ዓምዶች የተሸከሙት ጉልላት ያለው ትንሽ ሐማም ቆሟል፤ ከዚያ ዘመን በፓልማ ቆመው ከቀሩት ጥቂት ሕንጻዎች አንዱ ነው።

ስለ ምግብ እንንገራችሁ፤ ይህ ክፍል ለእናቶች ነው። በማዮርካ በየዳቦ ቤቱ መስኮት ኤንሳይማዳ የሚባል እንደ ቀንድ አውጣ የተጠቀለለ፣ ዱቄት ስኳር የተነሰነሰበት ለስላሳ ዳቦ ታያላችሁ። ልጆች ወዲያው ይመኙታል። ስሙ የመጣው «ሳይም» ከሚለው ቃል ነው፤ የአሳማ ስብ ማለት ነው፤ የሚሠራውም በእርሱ ነው። ከውጭ አይታወቅምና ተጠንቀቁ። ሶብራሳዳ የሚባለው ቀይ ቋሊማም የአሳማ ነው። የአልሞንድ ኬካቸው፣ ጋቶ የሚሉት፣ ከአልሞንድ፣ ከእንቁላልና ከስኳር የሚሠራ ጥሩ ነገር ነው፤ ሆኖም መጋገሪያው በምን እንደተቀባ ጠይቁ። ሐላል ሥጋ በፓልማ የሞሮኮ ሰዎች ሱቆች ይገኛል። በሶየር እኛን ያጠገበን ዓሣው፣ በአካባቢው ታዋቂ የሆነው ቀይ ሽሪምፕና «ፓ አም ኦሊ» የሚሉት ነው፤ ደረቅ ዳቦ ላይ ቲማቲም ታሽቶበት የወይራ ዘይት የሚፈስበት። ያለ ሥጋ ብላችሁ እዘዙ። ዘይቱ በእነዚያው እርከኖች ላይ ካሉ ጠማማ የወይራ ዛፎች የተጨመቀ ነው።

በረመዳን መሄድ የሚፈልግ ሰው ካለ፣ በየካቲትና በመጋቢት ጾሙ ከ13 ሰዓት ብዙም አይበልጥም፤ አየሩም ቀዝቃዛ ነው። በሰኔ ላይ ቢውል ግን ቀኑ በጣም ይረዝማል። በፓልማ መስገጃ ቦታዎች አሉ፤ የሚሰግድባቸው በአብዛኛው በእርሻ፣ በግንባታና በሆቴል የሚሠራ ከሞሮኮ፣ ከሴኔጋልና ከፓኪስታን የመጣ ሰው ነው። ከስምንት መቶ ዓመት በፊት አዛን ጸጥ ካለባት ደሴት ላይ ዛሬ ረመዳንን የሚጾሙት እነዚህ እንግዳ ሠራተኞች ናቸው። በሶየር ያሉት እርከኖች ደግሞ ሰው እያጡ ነው። ቤቶቹን ለዕረፍት የሚመጣ የውጭ ሰው በውድ ይገዛቸዋል፤ የአገሬው ወጣት መከራየት አቅቶታል፤ በ2024 በፓልማ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ በቱሪዝም ብዛት ላይ አደባባይ ወጥቶ ጮኋል። እኛም ጎብኚ ነንና ይህ ይመለከተናል። የብርቱካን ዋጋ የለቃሚ ደመወዝ እንኳ አይሸፍንም ስለሚባል ፍሬው ከዛፉ ሥር ወድቆ ሲበሰብስ አይተናል። በአንዳንድ ቦታ ካቡ ተንዶ አፈሩ ወደ ታች ፈሷል፤ በሌላ ቦታ ወጣት ካብ ሠሪዎች መዶሻ ይዘው ድንጋይ ሲያገጣጥሙ ነበር። ሙያው በአካባቢው ቋንቋ ስም አለው፤ «ማርጄር» ይባላሉ።

በመጨረሻው ቀን ዐስርን ወደቡ ላይ ሰገድን። ወደቡ እንደ ፈረስ ኮቴ የተከበበ ነው፤ አፉ ወደ ሰሜን ምዕራብ ይከፈታል። ቂብላው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ስለሆነ ጀርባችንን ለባሕሩ ሰጥተን ወደ ተራሮቹ ዞርን፤ ፊት ለፊታችን እርከኖቹ ነበሩ። ከሶላት በኋላ ከትራሙ መቆሚያ አጠገብ አምስት ኪሎ ብርቱካን ገዛን። ቴምራችንን ከአዲስ አበባ ይዘን ነበር፤ ሁለቱንም ለመጀመሪያው የረመዳን ቀን አስቀመጥናቸው።